የነጩ ዓሣ ስስ ከንፈር

ሰባት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤ የጠበቀ ሰው በስምንተኛው ሳምንት ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ይረሳል፣ ወይ ሄዶ ይጠይቃል። መርሳቱን ራቭና ሞክራው አልሆነላትም። ስትገላበጥ አድራ፣ እናቷ የድንኳኑን እሳት ሳትቀሰቅስ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዋን እግሯ ላይ አሰረችና ከተራራው ወደ ኢናሪ ሐይቅ ቁልቁል ወረደች። ግንቦት ገብቷል፤ ፀሐይ ገባች ሲሏት ወዲያው የምትወጣበት ወራት ነው። ሐይቁ ግን ገና በረዶ እንደሆነ ነው።

ራቭና የኒላስ ልጅ ናት። ኒላስ ማለት መንጋው ከፊት እስከ ኋላ እስኪያልፍ ግማሽ ቀን የሚፈጅ የአጋዘን ባለቤት ነው። ሳማል ደግሞ ከሐይቁ ዳር ከእናቱ ጋር መረብ እየጣለና እያወጣ የሚኖር ዓሣ አጥማጅ ነው። ሁለቱም ከሰሜኑ የሳሚ ሕዝብ ናቸው፣ ሁለቱም የሚሄዱት አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሁን እንጂ የተራራው ሰው የሐይቁን ሰው ዓሣ ዓሣ ይሸታል ይለዋል፤ የሐይቁ ሰው በበኩሉ የተራራውን ሰው አፍንጫው ከአጋዘን ቀንድ ከፍ ያለ ጉረኛ ይለዋል። ልጅ መሰጣጠት ከቀረ ቆይቷል።

ሁለቱ የተያዩት አምና በማርያም ቀን ገበያ፣ በአጋዘን እሽቅድምድሙ ላይ ነው። ራቭና ሸምቀቆዋን ወርውራ ያመለጠ ኮርማ በመጀመሪያው ውርወራ አስቀረች። ቀና ስትል በሕዝቡ መሃል አንድ ረጅም ልጅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ያያታል። ሌላው ሰው ሁሉ ኮርማውን ሲያይ እሱ የሚያየው እሷን ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ተጻጻፉ። ዘንድሮ በዚያው ገበያ፣ አጋዘኖቹ ከታሰሩበት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሳማል ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ራቭና እጽፍልሃለሁ ብላ ሮጠች። ያቺን ሩጫ ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ ይቀላል።

ጻፈችም። ስለ አየሩ ጻፈች፣ ሊወለዱ ስለተቃረቡት ግልገሎች ጻፈች፣ እሺ የሚለውን ቃል ግን እጇ አልጽፍ አላት። ስለዚህ ቢላዋዋን አወጣችና የወረቀቱን ሁለት የላይኛ ጥግ በጆሮ ምልክቷ ቅርጽ ቆረጠችው፤ ቀኙን ሁለት ቦታ ሸረፈችው፣ የግራውን ጫፍ አነሣችው። እያንዳንዱ የመንጋ ባለቤት ልጅ የራሱ ምልክት አለው፤ የአጋዘኖቹም ጆሮ በዚያው ይቆረጣል። በተራራው ሰው ዘንድ ምልክት ከስም ይበልጣል። ከዚህ ይልቅ "ያንተ ነኝ" የሚል ነገር በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም።

መልስ አልመጣም። ዛሬ ማምሻውን አመዳዩ ሲጠነክር አባቷ መንጋውን በሐይቁ ጠባብ ክንድ አሻግሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ባሕሩ ዳር ይነዳል፤ እስከሚቀጥለው ክረምት አይመለሱም። የዮውና ቤተሰብ አብሯቸው ይሄዳል። ዮውና ደህና ልጅ ነው፣ መንጋውም ደህና ነው፣ ኒላስም ራቭናን ሊድርለት ለዮውና አባት ግማሽ ቃል ሰጥቷል። ራቭና እስከ መሻገሪያው ቀን ድረስ ታገሠኝ ብላ አባቷን ለምና ነበር። ቀኑ ይኸው ደረሰ። ዛሬ የሳማልን መልስ ካላገኘች የቀረውን ግማሽ ቃል ባሕሩ ዳር ራሷ መስጠቷ ነው።

*

ሐይቁ ላይ ሰው አልታይ አላት። አንድ የተጣለ ካፖርት ብቻ አየች፤ ቀረብ ስትል ካፖርቱ ሁለት እግር አለው። አንዲት ሴት በአጋዘን ቆዳ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ጭንቅላቷን በካፖርቱ ሸፍና፣ በበረዶው ላይ በተቆፈረ ቀዳዳ ቁልቁል ታያለች። ራቭና ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንደምን አደሩ አለች።

"ቀስ እያልሽ ርገጪ፤ ከሥርሽ ሰው አለ፣" አለ ድምፅ ከካፖርቱ ውስጥ። "የዓሣ ሰው።"

ከዚያ ሴትዮዋ ጭንቅላቷን አወጣች። የሳማል እናት ማሬት ናት፤ ራቭና ገበያ ላይ ከሩቅ አይታታለች። ማሬት የራቭናን ጫማ የተቆለመመ አፍንጫ፣ ቀዩን መቀነቷን፣ ኮፍያዋን አንድ በአንድ አየች። ማን እንደሆነች ሳይነገራት አወቀች፤ ፊቷም ተዘጋ። ሳማል ከደሴቱ ማዶ መረብ ሊያወጣ እንደሄደ፣ ከእኩለ ቀን በፊት እንደማይመለስ በአጭሩ ነገረቻት። ራቭና ቆማ እንደምትጠብቀው ተናገረች።

"ቆመሽማ ጥላሽ ዓሣውን ያባርርብኛል። ቆሞ መጠበቅ ለመንጋ ነው፤ እኛ የምንጠብቀው ተኝተን ነው። ያውልሽ ሌላው ቀዳዳ።"

ማሬት ተነሥታ የሁለተኛውን ቀዳዳ ጠርዝ በዲጂኖ አሰፋችው፣ የተንሳፈፈውን ስብርባሪ በጭልፋ ጠረገች፣ አንድ ቆዳ ወረወረችላት፣ ከክንድ ያጠረች ዘንግም አቀበለቻት። ከክሩ ጫፍ ቀይ ሱፍ የተጠመጠመበት ትንሽ መንጠቆ አለ። ትምህርቱ ይኸው ነበር፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ራቭና ካፖርቷን አውልቃ በጭንቅላቷ ላይ ደረበችና ፊቷን ወደ ቀዳዳው አስጠግታ ተኛች።

መጀመሪያ ጨለማ ብቻ ነበር። ዓይኗ እየለመደ ሲሄድ ሐይቁ ተከፈተላት። ብርሃኑ በዚያ ሁሉ በረዶ ውስጥ አልፎ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከየአቅጣጫው ይገባል። አሥራ ሁለት ክንድ ታች ያለው ወለል እያንዳንዱ ጠጠሩ ይለያል። አሸዋው ተሸብሽቧል፤ አንድ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፎቹን እንደያዘ ተጋድሟል፤ አንዲት ከጥፍር የማትበልጥ ነገር አሸዋው ላይ መስመር እየተወች ትሄዳለች፣ ምንም አልቸኮለችም። ራቭና ትንፋሿን መያዟን ያወቀችው ደረቷን ሲያማት ነው።

ሃያ ሁለት ጸደይ በዚህ ሐይቅ ላይ ተሻግራለች፤ መጀመሪያ በበረዶ ጋሪ ላይ በቆዳ ተጠቅልላ፣ በኋላ በገዛ እግሯ። ለእሷና ለወገኖቿ ሐይቁ መንገድ ነበር፤ ሜዳ የሆነ፣ ነፋስ የሚበዛበት፣ ቶሎ የሚታለፍ መንገድ። ከእግሯ ሥር ይህን የሚያህል አገር መኖሩን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠረችም። አፈረች። እዚያው ደግሞ የማልቀስና የመጸለይ ያህል የሆነ ነገር ውስጧን ሞላው። ሳማል "አንድ ቀን የምኖርበትን ላሳይሽ" ብሎ ሲጽፍላት ስለ ቤቱ የሚያወራ መስሏት ነበር።

ከዚያ ዓሣው መጣ። ከየት እንደመጣ አላየችም፤ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ በድንገት አለ። ጎኑ ብር ነው፣ ጀርባው እንደ ወለሉ ግራጫ፤ ከቀዩ ሱፍ አንድ ስንዝር ርቆ ቆመና ተመለከተው። ትንሿ አፉ ተከፈተች፣ ሱፉ ጠፋ። ራቭና መንጭቃ ሳበች። ክሩ ተወጠረ፣ ወዲያው ላላ። መንጠቆውን ስታወጣው ጫፉ ላይ ቁራጭ ስስ ቆዳ ቀርታለች።

"ከንፈሩ ነው፣" አለች ማሬት ቀና ብላ ሳታይ። "የነጭ ዓሣ ከንፈር ስስ ነው፤ መንጭቀሽው አይወጣም። እናንተ ደግሞ ያለ ሸምቀቆ የምታውቁት ነገር የለም።"

ሁለተኛውም እንዲሁ ሄደ። ሦስተኛው ሲሄድ ማሬት ከካፖርቷ ሥር ስትስቅ ተሰማት። ራቭና ሴትዮዋ እውነቷን ነው ብላ አሰበች። እጇ ዕድሜውን ሁሉ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ የሚሸሸው ሳይርቅ አጥብቆ መሳብ። እጇን ጠላችው። እንባዋ ተንጠባጥቦ ቀዳዳው ውስጥ ገባ፤ የምታለቅሰውም ለዓሣው ብቻ አልነበረም።

*

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ራቭና ከከረጢቷ የአጋዘን ቋንጣ አውጥታ ለማሬት ዘረጋችላት። ማሬት ጥቂት ካመነታች በኋላ ተቀብላ ቆዳዋ ላይ ተቀመጠች። እያኘከች ስታያት ቆየችና ጠየቀቻት።

"ልጄን ስለምን እንደ ግልገል ቆረጥሽው?"

ራቭና አልገባትም። ማሬት ነገሩን ዘረዘረችላት። ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ሳማል ወረቀቱን ቢያገላብጠው ቢያገላብጠው ነገሩ ጠፋበት፤ ለእናቱ አሳያት። እሷ የጆሮ ቁርጥ ታውቃለች። ባሏ፣ የሳማል አባት፣ ስምንት ክረምት ለተራራው ሀብታሞች መንጋ ጠባቂ ሆኖ አድሯል። በየገበያው "እስቲ ጆሮህን አሳየን፣ የማን ነህ?" እያሉ ይስቁበት ነበር። በስምንተኛው ክረምት የእግሩን ጣቶች ብርድ በልቶበት ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ አልቆየም።

"ስለዚህ ልጄንም ምልክት አደረጉበት አልኩ፣" አለች ማሬት። "ጥያቄህን ያልመለሰችልህ ሰው ከወዲሁ ጆሮህን ቆረጠችው አልኩት።"

ራቭና ቋንጣዋን አስቀመጠች። ቀስ ብላ አስረዳቻት፤ የመጀመሪያ ጥርሷ የበቀለ ቀን አባቷ አንዲት ግልገል እንደሰጣት፣ ያን ቅርጽም ያን ዕለት ለእሷ ብቻ ብሎ እንዳወጣው፣ ለማንም ሰው ወረቀት ላይ ቆርጣው እንደማታውቅ። 

"የቆረጥኩት የእሱን ጆሮ አይደለም፣ እማማ ማሬት። የራሴን ነው የላኩለት።"

ማሬት ጭልፋውን አነሣች፣ አስቀመጠች፣ መልሳ አነሣች። ቀዳዳው ላይ ምንም ስብርባሪ አልነበረም፤ እሷ ግን ጠረገችው።

"እንግዲያው ፖስታ ቤት አንድ ደብዳቤ ይጠብቅሻል፣" አለች በመጨረሻ። "ከላከው ሁለት ሳምንት ሆነው። ተራራ ላይ ስለነበራችሁ አልደረሰሽም። እባክሽ ልጄ፣ አትክፈቺው።"

አትክፈቺው የተባለ ደብዳቤ ምን እንደሚል ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም። ራቭና ተመልሳ ተኛችና ካፖርቷን ሳበች፤ ማሬት ፊቷን እንድታይባት አልፈለገችም። ታች ያለው አገር እንዳለ ነበር፤ ያው ብርሃን፣ ያው ጸጥታ። ልቧ እየተሰበረ እንኳ ውበቱ ዓይኗን አላስነቅል አላት፤ ይህም ገረማት።

*

ሳማል የመረቡን ጋሪ እየጎተተ ሲመጣ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ከሩቅ ሁለት ካፖርት አይቶ እርምጃውን አዘገየ። ራቭና ተነሥታ ቆመች። በገበያው ሕዝብ መሃል ያየቻቸው ዓይኖች ናቸው፤ አሁን ግን ወደ እሷ አይመጡም፣ ትከሻዋ ላይ ይቆማሉ፣ በረዶው ላይ ይወድቃሉ።

"ደርሶሻል ማለት ነው፣" አለ።

"አልደረሰኝም። ምን ብለህ እንደጻፍክ በአፍህ ንገረኝ።"

ማሬት ጣልቃ ልትገባ አፏን ከፈተች፤ ራቭና በዓይኗ ለመነቻት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሁን አላሳሰባትም። ዓመት ሙሉ የጻፈላት ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንዳመነባት ከእሱ ከራሱ መስማት ነበር የፈለገችው። ማሬት ገባትና የመረቡን ጋሪ ይዛ ራቅ አለች።

ሳማል ወደ ቀዳዳው አመለከተ። አባቱና እናቱ ከባድ ነገር የሚነጋገሩት ቀዳዳው ላይ ተኝተው እንደነበር ነገራት፤ ፊት ለፊት የማይወጣ ቃል ወደ ታች እያዩ ይወጣል ይሉ ነበር። ራቭና ዘንጓን ይዛ፣ ክሩን እንደገና ወደ ታች ለቃ ቦታዋ ላይ ተኛች። እሱም ከቀዳዳው ማዶ ተኛና ካፖርቱን በሁለታቸው ጭንቅላት ላይ ሳበው። ግንባራቸው ሊነካካ ትንሽ ቀርቶታል። ጢሙ ላይ ያለው አመዳይ ሲቀልጥ ይሰማታል፤ ሁለቱም የሚያዩት ግን ታች ነው።

"ሦስት መስመር ነው፣" አለ። "የማንም ሎሌ አልሆንም አልኩ። የጠየቅኩሽን ረስቼዋለሁ አልኩ። ደህና ሁኚ አልኩ።"

"ረስተኸዋል?"

"ያንን የጻፍኩት ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነው። የረሳ ሰው ሦስት ቀን አይፈጅበትም።"

እንዴት አመንክብኝ አለችው።  ሳማል ያመነው እሷን ጠርጥሮ እንዳልሆነ ነገራት፤ የኒላስ ልጅ እሱን ትወዳለች የሚለውን ነገር ከመጀመሪያውም አምኖት አያውቅም ነበር፣ ስለዚህ ሕልሙ አለቀ ሲሉት ቶሎ አመነ። ራቭና ይህን ስትሰማ ቁጣዋ የት እንደገባ አላወቀችም። ስለ ምልክቷ ነገረችው፣ ስለ ጥርሷና ስለ ግልገሏ፣ እሺ የሚለውን ቃል አልጽፍ ስላላት እጇ። ስትጨርስ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ወደቀች፣ ሌላም ተከተለች፤ የእሷ አልነበሩም።

"ራስሽን ልከሽልኝ እኔ ወረቀት ነው ያየሁት፣" አለ ሳማል።

"እኔም መጻፍ ነበረብኝ። አንዲት ቃል ነበረች፤ ፈራኋት። አሁን ልናገራት። እሺ።"

ሳማል መልስ ሊሰጣት ሲል ዓሣው መጣ።

ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። ከወደቀው ዛፍ ጥላ ወጥቶ፣ ክንፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ ሱፉን ዞረው። ሳማል ቃል አልተነፈሰም፤ እጇንም አልነካም። አፉ ተከፈተ፣ ሱፉ ጠፋ፤ የራቭና ክንድ ሊመነጭቅ ተሰበሰበ። እሷ ግን ጠበቀች። ዓሣው አፉን ገጥሞ ፊቱን እስኪያዞር ጠበቀችና፣ የተኛ ሕፃን ከጭን እንደሚነሣ ያህል አንጓዋን ብቻ ቀና አደረገች። ክብደቱ በክሩ መጣ። ጓንቷን ጥላ ክሩን በባዶ እጇ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ሳታጠብቅ ሳታላላ ሰበሰበችው።

ዓሣው ከዚያ አገር ወደ እነሱ ወጣ። በአረንጓዴው ብርሃን ውስጥ እየዞረ፣ እየተለቀ፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ እየበራ መጣ፤ ከታች ግራጫ የነበረው ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ሐምራዊም ወርቃማም ሆነ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ውሃውን ሰንጥቆ በሁለቱ ፊት መካከል ሲወጣ ራቭና ምንም አልጮኸችም፤ ሳማልም አልጮኸም። አተያያቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ሁሉ ወድቆ፣ ሳማል ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። በሕይወቷ እንዲህ ታይታ አታውቅም።

*

ማሬት ዓሣውን አጽድታ፣ በሐይቁ ውሃ ቀቅላ፣ ከጉበቱ ጋር አቀረበችላቸው። ራቭና ማታ መንጋው ሲሻገር እዚህ እንደምትቀር ተናገረች። ሳማል አይሆንም አለ፤ ሳይነገረው ልጁ የቀረችበት አባት ሰረቋት ነው የሚለው። ራሱ ሄዶ ኒላስ ፊት እንደሚቆምና ከመንጋው ጋር እስከ ባሕሩ ድረስ እንደሚወርድ ነገራት። ሎሌ ሆኖ ሳይሆን ሙሽራ ሆኖ ነው።

"አባቴ ሸምቀቆ ሰጥቶህ ይስቅብሃል፣" አለች ራቭና። "አንድም አጋዘን አትይዝም።"

"ይሳቅብኝ። አንቺም እናቴ ፊት ሦስት ከንፈር በጥሰሻል።"

ከዚያ ሁለቱም ወደ ማሬት ዞሩ። የሐይቁ በረዶ ከአሥር ቀን በላይ እንደማይቆይ ሦስቱም ያውቃሉ፤ በረዶው ከተሰበረ ሳማል እስከሚቀጥለው ክረምት አይመለስም። ማሬት ድስቱን በአመዳይ ትፈትግ ነበር፤ ከሚገባው በላይ ፈተገችው።

"መረቡን ለብቻዬ ማውጣት አውቅበታለሁ፣" አለች። "አባትህ ለሰው መንጋ ሲያድር ያ ሁሉ ክረምት ማን ያወጣው መሰለህ? ሂድ። እኔ በአንድ ወረቀት ልለያችሁ ነበር።"

ሳማል ስኪውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሮጠ። ራቭና ክሩን ልትጠቀልል ብትሞክር ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት፤ ክሩን ስትሰበስብ ርሰው ደርቀው ነጭ ሆነዋል። ማሬት አየቻት። ቀረበች፣ የራሷን ካፖርት ቁልፍ ፈታች፣ የራቭናን ሁለት እጆች ይዛ ከብብቷ ሥር አስገባችና ክንዶቿን ገጠመችባቸው። እንዲህ የሚደረገው ለገዛ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም። ከዚያ ደሙ ሲመለስ ሕመሙ መጣ፤ ጣቶቿ በእሳት የተያዙ መሰላት፣ እጇን ልትነቅል ፈለገች። ማሬት አልለቀቀቻትም።

"ያማል፣" አለች ማሬት። "ዳነ ማለት ነው። ቻይው።"

ራቭና ቻለችው። ግንባሯን በሴትዮዋ ትከሻ ላይ ጣለችና አለቀሰች፤ የማሬትም ደረት ይንቀጠቀጥ ነበር። ሳማል ስኪውን ይዞ ሲመለስ ሁለቱ ሴቶች በረዶው መሃል ተቃቅፈው ቆመው አገኛቸው፤ ቀስ ብሎ ጀርባውን አዞረና ጠበቃቸው።